መጣሁ ማለት «ሀ» ነው

ሃያ ቀን ሙሉ እናቴ ቤት ነበረች። እንዲህ ያለው ከተማው ነው፣ እኔ አይደለሁም። ማክሰኞ ሰኔ ሦስት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአስራ ሁለት ደቂቃ ላይ ቤት ገብታለች አለ። እኔ ደግሞ እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። አልጋው ስር አየሁ፣ ከቁምሳጥኑ ኋላ አየሁ። ቤታችን ስንት ክፍል ሆኖ ነው፣ አንድ ክፍል እኮ ነው! የለችም።

ትዝብት እባላለሁ። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ ፊደል ብገድፍ አትሳቁብኝ፤ ብትስቁም ግድ የለኝም። ሰፈራችን ድልድይ ይባላል። ድልድይ ግን የለውም። ሊሠራ ነው ሲባል ስሙ ቀድሞ መጣ፣ ድልድዩ ቀረ። ከሰፈሩ በታች ሰፊው መንገድ ያልፋል። ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤቱና ጤና ጣቢያው አሉ፣ ከመንገዱ ወዲህ እኛ አለን።

በመንገዱ ላይ ሾፌር የሌላቸው ከባድ መኪኖች ይሄዳሉ። እኛ «ዕውሮቹ» ነው የምንላቸው። ጥሩንባ የላቸውም፣ የሞተር ድምፅም የላቸውም፣ ያላቸው ንፋስ ብቻ ነው። ካሜራዎቹ ከየምሰሶው የተነቀሉት እናቴ ገና ልጅ ሳለች ነው አሉ። ውድ ናቸው ተባለ። የሰው ወሬ ግን ርካሽ ነው፣ ሰው ደግሞ ሳያወራ አይውልም። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ዘነበብኝ፣ ታክሲ አጣሁ፣ ሲል ነው የሚውለው። ስለዚህ ከተማው ዓይኑን አውጥቶ ጆሮ ተከለ።

ጆሮው ፍሰት ይባላል። በስልካችን የምንጽፈውን፣ የምንናገረውን፣ የሰው ፎቶ ስር የምንለቀልቀውን ሁሉ እየለቀመ ማን የት እንዳለ ያሰላል። ከዚያ መብራቱን ያበራል፣ ታክሲውን ይልካል፣ ዕውሮቹን ያቆማል ይለቃል። ሰው አለ ከተባለ መንገዱ ቀስ ይላል። ሰው የለም ከተባለ መንገዱ ባዶ ነው። በባዶ መንገድ ላይ ዕውሮቹ እንዴት እንደሚከንፉ ቁጥሩን አላውቀውም፤ ዳር ቆማችሁ ካያችሁ ግን ቀሚሳችሁን ትይዛላችሁ።

ዝም ያለ ሰፈር ታክሲ አያገኝም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰፈር ጠሪ አለው፣ የድልድይ ጠሪ እኔ ነኝ። ድሮ ወያላ የሚባል ሰው ነበር አሉ፣ በታክሲ በር ተንጠልጥሎ የሰፈር ስም እየደጋገመ የሚጮህ። እኔም ያው ነኝ፣ የምጮኸው ግን በጣቴ ነው። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰዉ ታክሲ ተራው ጋ ይሰበሰባል፣ እኔ በመካከሉ እየዞርኩ አስለፈልፈዋለሁ።

«እትዬ ስንዱ፣ ወዴት ነሽ?»

«አትክልት ተራ።»

«ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ፣ ለስልክሽ ንገሪው እንጂ!»

«አሁን ይሄ ሥራ ሆኖ ነው?» ትለኛለች። ጎረቤታችን ናት፣ የጓደኛዬ የማርዳ እናት። እያጉረመረመችም ቢሆን ትናገራለች። ያልተናገረ ሰው ፍሰት ዘንድ የለም።

ሰው ግን ይዋሻል። ጋሽ መንገሻ፣ የእድራችን ሰብሳቢ፣ ጠጅ ቤት ሲሄድ ሚስቱ እንዳትሰማ «ወደ ቤተ ክርስቲያን» ብሎ ነው ለስልኩ የሚናገረው። ፍሰት አመነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኛ ሰፈር ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ሁለት ተጨማሪ ታክሲዎች ተመደቡልን። ባዷቸውን መጥተው ባዷቸውን ይሄዳሉ።

«ጋሼ፣ ሰፈሩን እኮ አጸደቅከው» ስለው፣

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!» ይለኛል።

ያኔ ያስቀኝ ነበር።

ቅዳሜ ግንቦት ሠላሳ ቀን ፍሰት ለከተማው ጠሪዎች በሙሉ ጥያቄ ላከ። አራት መቶ ቃል። ቃሉ ይመጣል፣ ከስሩ ሀ እና ለ አለ፣ አንዱን መጫን ነው። በፊት ከሰው ሁኔታ እየገመተ ነበር የሚረዳን፤ አሁን ግምት ይቅር፣ ሕዝቡ ራሱ ይናገር ተባለ። የብዙው ሰው መልስ በሦስተኛው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይጸናል። አብዛኛው ቀልድ ነው የሚመስለው። «ታክሲ ጠፋ»። ሀ. ታክሲው ተሰርቋል። ለ. ታክሲ የለም። እየሳቅኩ ስጫን ቆየሁና ቃል ሠላሳ ስምንት መጣ።

«መጣሁ»። ሀ. ተናጋሪው ደርሷል። ለ. ተናጋሪው ወጥቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆምኩ። ሁላችንም ስንወጣ መጣሁ ነው የምንለው። ሱቅ ልንሄድ መጣሁ፣ ጎረቤት ልንገባ መጣሁ። ሄድኩ ያልኩ እንደሆነ እናቴ ትቆጣለች። «ሄድኩ አይባልም» ትላለች። «ሄድኩ የሚል የማይመለስ ነው። የሚመለስ ሰው መጣሁ ነው የሚለው።»

እኔ ግን እንደ ፈተና ነው የያዝኩት። ከስድስተኛ ክፍል ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር ሰዋስው ነው። መምህራችን ሰሌዳው ላይ «መጣሁ፦ አንደኛ መደብ፣ ኃላፊ ጊዜ» ብለው ጽፈውልን ነበር። ኃላፊ ጊዜ ማለት ያለቀ ነገር ነው። መጣሁ ያለ ሰው መጥቷል፣ አለቀ ደቀቀ። ሀን ተጫንኩ።

ወዲያው ማርዳ ጻፈችልኝ። እሷ ከኛ ጎን ብትኖርም የታችኛው ሰፈር ጠሪ ናት።

«ትዝብትዬ፣ 38 ስንት ነው?»

«ሀ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኃላፊ ጊዜ ነው፣ አንቺ ደደብ።»

ማርዳ ለአጎቷ ልጅ ላከች፣ እሱ ለጠሪዎች ግሩፕ ላከው። «38 ሀ ነው፣ የድልድይዋ ልጅ ሰዋስው ታውቃለች» ብለው ጻፉ። ሁላችንም በኩረጃ ያደግን ልጆች ነን፣ አንድ ሰው ካወቀ ሌላው ለምን ይደክማል? እስኪመሽ ድረስ ከከተማው ዳር እስከ ዳር ሀ ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እናቴ ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«እማዬ፣ ከተማው በሙሉ ከኔ ኮረጀ!» አልኳት።

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አለችኝ። ምኑን እንደሆነ አልጠየቀችም፣ እኔም አልነገርኳት።

ማክሰኞ ሆነ። እናቴ፣ እታፈራሁ ትባላለች፣ በአንድ ፋብሪካ ካፌ ሳህን አጣቢ ናት። ማለዳ ወጥታ ስምንት ሰዓት ትገባለች። ያን ቀን ገብታ ጉልበቷን እያሸች ትንሽ ተቀመጠችና «ሽሮ አልቋል፣ አስፈጭቼ ልምጣ» ብላ የተቆላውን እህል በከረጢት ያዘች። ስልኳ አሮጌ ነው፣ ባትሪው አይዝም፣ ቻርጅ ላይ ትታው ነበር የምትሄደው፤ ወጥታለች ከተባለ እስክትመለስ መንገዱ ቀስ ይልላታል። እንደ ሁልጊዜው ጎንበስ ብላ አፏን አስጠግታ፣

«መጣሁ» አለችው።

በፊት «እሺ፣ መልካም መንገድ» ነበር የሚላት። ያን ቀን ግን፣

«እሺ፣ እንኳን ደህና ገቡ» አላት።

ተያየንና ሳቅን። «ገና ሳልወጣ!» አለች። «ይሄም እንደኔ አርጅቷል ማለት ነው።» እየሳቀች ወጣች። እኔም ከኋላዋ እየሳቅኩ ቀረሁ። ሳቄ ሲያልቅ እንኳ አላሰብኩትም። ሀ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ሦስተኛው ቀን፣ ስድስት ሰዓት። አንዱም ወደ ጭንቅላቴ አልመጣም።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ወደ መንገዱ ወረድኩ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል። «ልሻገር ነው» ብዬ ለስልኬ ተናገርኩ፣ ስልኬ «እሺ» አለኝ፣ ዕውሮቹ ከግራም ከቀኝም ቆሙ። ለኔ ቆሙልኝ። መሃል ስደርስ ሽሮ ሸተተኝ። ገና የተፈጨ ሽሮ፣ ያ ትኩስ ሽታው። ወደ ታች ሳይ አስፋልቱ ላይ ቢጫ መስመር አለ። ከመሃሉ ትንሽ ወደኛ ሰፈር አለፍ ካለ ቦታ ይጀምርና መንገዱን ይዞ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል። በእግሬ ተከተልኩት። ሁለት መቶ እርምጃ ቆጠርኩ፣ ከዚያ ቆጠራው ጠፋኝ።

ከማዶ ወደኛ እየመጣች ነበር። መጣሁ ያለችው እውነቷን ነበር።

ሌላ ምንም ነገር የለም። ጠራጊ መኪናዎቹ በየግማሽ ሰዓቱ ያልፋሉ፣ ያገኙትን ያነሳሉ፣ የት እንደሚደፉት የሚያውቅ ሰው የለም፤ አጣቢው በየሰዓቱ ነው የሚመጣው። የአስራ አንድ ሰዓቱ አጣቢ ሲመጣ አየሁት። ጎንበስ ብዬ እፍኝ ሽሮ ከነአፈሩ ዘግኜ ወደ ዳር ሮጥኩ። ቀሪውን በውሃ አጥቦት አለፈ። መንገዱ ንጹሕ ሆነ።

በማግስቱ ወደ ፍሰት ቅሬታ መስኮት ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ከኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ተቀምጣለች፣ ጥፍሯን በደንብ ተሠርታለች።

«እናቴ ጠፍታለች።»

«ስም?»

«እታፈራሁ ጓንጉል።»

ጫን ጫን አደረገች። «ቤት ናቸው።»

«ቤት የለችም።»

«ትናንት ዘጠኝ ከአስራ ሁለት ገብተዋል። ራሳቸው ናቸው የተናገሩት። ስልካቸውም ቤት ነው።»

«ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው እኮ!»

«እሱን ነው የምልሽ፣ ቤት ነው።»

«መጣሁ ያለችው ልትወጣ ስትል ነው! ሰው ሲወጣ ምንድነው የሚለው? አንቺስ ስትወጪ ምን ትያለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ። ድምጿን ቀነስ አደረገች። «እኔም መጣሁ ነው የምለው። ግን ሀ ተብሏል፣ የኔ እህት። አስራ አንድ ሺህ ጠሪ ሀ ብሏል። ለ ያለው ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስድስት ሰው።»

«አስራ አንድ ሺው ከኔ ነው የኮረጀው!»

«ታዲያ ልኩን አትነግሪያቸውም ነበር?» አለችኝ።

ምላሴ ረጅም ነው ይሉኛል። እዚያ መስኮት ላይ ግን የወጣኝ አንድ ቃል ነው።

«ይስተካከላል?» አልኳት።

«አንዴ የተመለሰ ቃል ድጋሚ አይጠየቅም።»

«እንግዲያው ሞታለች ብለሽ መዝግቢልኝ።»

«ሬሳ አለ?»

«የለም።»

«ያለ ሬሳ አይሆንም። ሞተ የተባለ ሰው አካውንቱ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ በስሙ ማንም ቢናገር ፍሰት አይሰማውም፣ ታክሲ አይመጣለትም፣ መንገድ አይቆምለትም። በሟች ስልክ ታክሲ የሚሄድ ዘመድ ስለበዛ ነው እንዲህ የሆነው። ቤቱ ያለ ሰውን እንዴት ብዬ ልግደል?» ከኔ ኋላ ወደተሰለፈው ሰውዬ አየት አደረገች። «ቀጣይ!»

ዝም ካለች ሁለት ቀን ሲሞላት ፍሰት ውሎዋን ራሱ ይሞላላት ጀመር። ዝም ያለን ሰው ውሎ በልማዱ ነው የሚሞላው፣ ዛሬም ሥራ ይሄዳል ብሎ። ሐሙስ ማለዳ ወደ ሥራ የሚወስዳት ታክሲ በራችን ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተ። እናቴ ጉልበቷ ስለሚያማት ስትሳፈር ትዘገያለች፣ ፍሰት ያንን ያውቃል። ቆሜ ቆጠርኩ፣ እስከ አርባ። በሩ ተዘጋና ሄደ። ስምንት ሰዓት ላይ ተመልሶ መጣ። በሩ ተከፈተ፣ አርባ ቆጠርኩ፣ ተዘጋ። ስልኳ ግድግዳው ላይ፣ «እንኳን ደህና ገቡ» አለ።

ማልቀስ አልቻልንም። ድንኳን ለመትከል በራችን የሚያልፈው የሰፈሩ መንገድ መዘጋት አለበት። ጋሽ መንገሻ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በራችን መጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለስልኩ ይናገራል። «የድልድይ እድር ነን፣ ለወይዘሮ እታፈራሁ ጓንጉል ለቅሶ መንገድ ይዘጋልን።» ስልኩም በየቀኑ፣ «በዚህ ቤት የሞተ ሰው የለም» ይለዋል።

«ያለ ፈቃድ ብንተክልስ፣ ጋሼ?»

«ታክሲው በድንኳኑ ውስጥ ያልፋላ፣ ልጄ። ለቅሶ ላይ ሌላ ለቅሶ ልጨምር?» ጠጅ ጠጅ አይሸትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠጅ ቤት አልሄደም፣ የቅዳሜዎቹ ታክሲዎች ግን እንደተለመደው ባዷቸውን ይመጣሉ።

እኔ ለሁሉም ጻፍኩ። በየግሩፑ፣ በየፎቶው ስር፣ ለማላውቀው ሰው ሁሉ «እናቴ የለችም» ብዬ ጻፍኩ። ፍሰት አነበበው። የለችም ማለት ወጣ ብላለች፣ ትመለሳለች ብሎ ያዘው።

ሰኔ ሃያ፣ ዓርብ ቀን፣ ሁለተኛው ዙር ጥያቄ መጣ። የምመልስ አልመሰለኝም ነበር። ቃል ስልሳ አንድ ላይ እጄ ቆመ።

«የለችም»። ሀ. ቤት ውስጥ የለችም። ለ. በሕይወት የለችም።

«ትዝብትዬ፣ 61 ስንት ነው?» አለች ማርዳ። ከስሯ ግሩፑ ተንጫጫ። «የድልድይዋን ልጅ ጠይቋት»፣ «ፍጠኚ እንጂ»፣ «አርባ ሰው እየጠበቀሽ ነው»፣ «ኧረ መቶ ነን»።

ሌላውን አላሰብኩም አልልም። አሰብኩ። በዚህ ከተማ በቀን ስንት ጊዜ የለችም ተብሎ እንደሚጻፍ ከጠሪ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እማዬ የለችም፣ ገበያ ናት። እህቴ የለችም፣ ሥራ ገብታለች። አከራይዋ የለችም፣ ነገ ተመለስ። ሁሉንም አሰብኩ። ከዚያ ያን የታክሲ በር አሰብኩ፣ አርባ እስክቆጥር ተከፍቶ የሚጠብቀውን።

«ለ» ብዬ ጻፍኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች ማርዳ።

«እርግጠኛ ነኝ።»

በዚህኛው ደደብ አላልኳትም።

ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ መንገሻ መጣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተናገረ። ስልኩም፣

«ነፍስ ይማር። የሰፈሩ መንገድ ለሦስት ቀን ተዘግቷል» አለ።

ጋሽ መንገሻ እዚያው በራችን ላይ እንደ ልጅ አለቀሰ። ድንኳኑ ተተከለ። በስምንት ሰዓት ታክሲው አልመጣም። የሚቀበር ስላልነበረን ያችን እፍኝ ሽሮ በቆርቆሮ አድርጌ ከፎቶዋ ስር አስቀመጥኳት። ሃያ ቀን ሙሉ የታመቀው ሁሉ ወጣ፣ ሰዉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ለቅሶ የሚደርሱ ሴቶች ዘግይተው፣ ላብ በላብ ሆነው መጡ።

«ምን ነካው ታክሲው ዛሬ? ለወንድ ብቻ ነው እንዴ የሚቆመው?»

«እኔማ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሚስት ሊያገባ ነው መሰለኝ፣ እኛን አስጠልቶታል።»

ሳቁ። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ይስቃል። እኔ አልሳቅኩም። ስልኬን ከፍቼ የማርዳን ገጽ አየሁ። ጠዋት አንድ ሰው «እናትሽ አለች?» ብሎ ጠይቋታል። «እማዬ የለችም፣ ለቅሶ ቤት ናት» ብላ መልሳለች።

ቀና አልኩ። የማርዳ እናት፣ እትዬ ስንዱ፣ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች። ከትናንት ጀምሮ ለቀስተኛውን የምታበላው እሷ ናት።

«ሽሮው አለቀ» አለች ለሴቶቹ። «ማዶ ደርሼ ልምጣ።» ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። ከእናቴ ወዲህ በሰፈራችን ለስልኩ መጣሁ የሚል ሰው የለም፣ ሁሉም ተጠንቅቆ ነው የሚናገረው። እሷም ቃሉን አንድ በአንድ እየለየች፣

«ልሻገር ነው» አለችው።

ስልኩ ዝም አለ።

«ልሻገር ነው እኮ ነው የምልህ!»

ዝም።

«ደግሞ አንተም ለቅሶ ተቀመጥክ?» ብላ መልሳ ጉያዋ ከተተችው፣ ከረጢቱን አንጠልጥላ ወጣች።

ብድግ አልኩ። ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ይዘውኝ ነበር፣ እንደ ሐዘንተኛ። «ተይ ልጄ፣ አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ፣ ወደ ታች ተጫኑኝ። ተወራጨሁ። «ልቀቁኝ!» አልኩ። «እናቷ ታውሳት ነው» አሉ፣ አጥብቀው አቀፉኝ።

«እትዬ ስንዱ! አትሂጂ! እትዬ ስንዱ፣ ተመለሺ!»

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ደርሳ ነበር። ሰማችኝ። ዞር አለች፣ እንደ ሕፃን የፈራሁ መስሏት ፈገግ አለችልኝ። ከረጢቱን ከፍ አድርጋ እያወዛወዘች፣

«መጣሁ!» አለችኝ።